የጋሽ ደምሴ የአደራ ዲስክ

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸውን የሰማሁት በብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ከላይ «ነገ ውሃ ስለማይኖር ዛሬ ቅዱ» የሚል ማስታወቂያ አለ። ከሥሩ «ሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ የነበሩት አቶ ደምሴ በዳዳ ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል፤ ቀብራቸው ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ነው» ይላል። ከዚያ የተጣመሩ እጆች ኢሞጂ ተደርድሯል። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ሲግናል አካባቢ ያለ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ፊት ለፊቴ አንዲት እናት የልጇን የሳል ሽሮፕ ትጠብቃለች። አውርጄ ሰጠኋት፣ እንዴት እንደምታጠጣው ነገርኳት፣ ከኋላዋ ለቆመው ሰው ደግሞ «ምን ልታዘዝ?» አልኩት።

ምንም አልተሰማኝም። ይህን የሚሰማ ሰው ክፉ ናት ይል ይሆናል፤ ይበል። ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ የሞት ወሬ ሲደርሰኝ እንደ ውሃው ማስታወቂያ ነው የማነበው። ጀሪካን መሙላት ካለብኝ እሞላለሁ፣ ቀብር መሄድ ካለብኝ እሄዳለሁ። የዚያን ቀን ግን አንድ ነገር መጣብኝ። ቁምሳጥኔ ውስጥ በነጠላ የተጠቀለለ የጋሽ ደምሴ ዲስክ አለ። ውስጡ የእናታቸው ድምፅ አለ ተብሎ ነው የሚታወቀው። ድምፁ እንደጠፋ የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን፤ አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ። ልጃቸው ለሊሴ ደግሞ አባቷን ልታስታምም ከአዳማ መጥታ እዚሁ ናት። መጠየቋ አይቀርም።

ጋሽ ደምሴ ወሰን ሰፈር ባለው ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ የግድግዳ ጎረቤቴ ነበሩ። የሳሎናቸው ግድግዳ የኔ መኝታ ቤት ግድግዳ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። የመዝገብ ቤት ሰው እንዴት እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ፤ ጥያቄያችሁን ሳትጨርሱ «ፋይሉ የለም፣ ነገ ተመለሱ» ይላችኋል። ጋሽ ደምሴ ግን «የለም» የሚለውን ቃል አይወዱም። «እስቲ ይፈለግ» ነው የሚሉት። ለፋይል ብቻ አይደለም፣ ለሁሉ ነገር ነው። ሱቅ ስኳር የለም አሉኝ ስላቸው «እስቲ ይፈለግ»። የጣራውን ቁልፍ የያዘው ዘበኛ የለም ስላቸው «እስቲ ይፈለግ»። አንዳንዴ ያናድዱኝ ነበር። የሌለ ነገር ምኑ ይፈለጋል እላለሁ በሆዴ። እሳቸው ግን ይሄዱና ዘበኛውን ከሆነ ቦታ ይዘውት ይመጣሉ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ በሙቀትም ቢሆን ከኮታቸው ሥር ሹራብ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ስልክ ሲይዙ አውራ ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ ነካ አድርገው ነው ስክሪኑን የሚገፉት፣ ወረቀት እንደሚገልጥ ሰው። ስክሪኑ ይረጥብና አልታዘዝ ይላቸዋል። በሹራባቸው እጅጌ ይወለውሉትና እንደገና ጣታቸውን ያረጥባሉ። «ጋሽ ደምሴ፣ በደረቁ ይንኩት እንጂ» እላቸዋለሁ። «አዎን፣ በደረቁ ነው» ይላሉ፤ ያረጥባሉ።

በደንብ ያወቅኋቸው በባሌ ሐዘን ነው። ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ሁሉም «እግዜር ያጥናሽ» ይለኛል፣ እኔም «አሜን» እላለሁ። ጋሽ ደምሴ መጥተው ጎኔ ተቀመጡ። ከዚያ ጠጋ ብለው፦

«ሰብለ፣ ስልኩ የት ነው ያለው?» አሉኝ።

«የማን ስልክ?»

«የሱ ነዋ፣ የባለቤትሽ። ለማንም እንዳትሰጪ። ፎርማት እንዳታስደርጊው።»

ሰውዬው አበዱ እንዴ አልኩ። እህቴ ከጎኔ ሆና ሰምታለች፤ «ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ሰው ሐዘን ላይ ተቀምጦ ስለ ስልክ ያወራል እንዴ?» ብላ ብድግ አለች። እኔ ልናደድ አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። መናደድም ጉልበት ይፈልጋል።

አርባው ካለፈ በኋላ በሬን አንኳኩ። ስለ ነገሩ ምንም ሳልናገር ስልኩን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ለምን እንደሰጠኋቸው እንጃ፤ ምናልባት ከቤት እንዲወጣልኝ ይሆናል። በማግስቱ መለሱልኝ፣ ከአንዲት ትንሽ ፍላሽ ጋር።

«ፎቶውም፣ ቪዲዮውም፣ የድምፅ መልእክቱም አለ» አሉኝ። «አንዱ እዚያው ስልኩ ላይ ነው። አንዱ ፍላሹ ላይ ነው። አንዱ ደግሞ እኔ ቤት ነው።»

«አይተውታል?»

«የሰው ነገር ምን ብዬ አያለሁ? ሳይጎድል መገልበጡን ነው ያየሁት።»

«እኔም አላየውም» አልኳቸው።

«አትዪው። መኖሩን እወቂ፣ በቃ።»

እስካሁን አላየሁትም። መኖሩን ግን አውቃለሁ። በዚያ ሰሞን ከተባልኩት ሁሉ የቀረልኝ ይህ ብቻ ነው።

«እኔ ቤት» ያሉት ማሽናቸውን ነው። ማሽኑን ለመምረጥ የፈጀባቸውን ጊዜ ሰው ሚስት ለመምረጥ አይፈጅም። መገናኛ ያሉትን የኮምፒዩተር ሱቆች አዳርሰዋቸዋል። አንድ ቅዳሜ እኔም ወደዚያው ስሄድ አብሬያቸው ገባሁ። ሻጩ ወጣት ነው፣ አፉ ቶሎ ቶሎ ይላል።

«ፋዘር፣ ይሄ ሁሉ ለምንዎት ነው? ክላውድ ላይ ይጫኑትና ይገላገሉ» አላቸው።

«ክላውዱ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ኢንተርኔት ላይ ነዋ።»

«ኢንተርኔቱ ሲቋረጥስ?»

«ሲመጣ ያገኙታል።»

«እኔ ሞቼ ከፋይ ሲጠፋስ?»

ልጁ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፣ የእውነት ነው የጠየቁት። የሚፈልጉት ማሽን የጫማ ካርቶን የምታክል ጥቁር ሳጥን ናት። ሁለት ዲስክ ይገባባታል፤ በአንዱ ላይ የተጻፈው በሌላውም ይጻፋል፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። ከቤቱ ዋይፋይ ጋር በገመድ ትያያዝና ስልኩም ላፕቶፑም ፋይሉን እሷ ላይ ያስቀምጣል። በየሱቁ የሚጠይቁት አንድ ዓይነት ጥያቄ ነበር፦ «ሳጥኗ ራሷ ብትበላሽ ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ላይ ማንበብ ይቻላል?» ያ ወጣት «ችግር የለውም ፋዘር» አላቸው። ሌላው ሱቅ ያለው ዝምተኛ ሰውዬ ግን «አላውቅም፤ ጠይቄ ልደውልልዎት» አላቸው፣ ደወለላቸውም። ከሱ ገዙ።

«ያኛው እኮ ሁሉን ነገር ያውቃል» አልኳቸው ልተርባቸው ብዬ።

«ለዚያ ነው የፈራሁት» አሉ።

ሳጥኗን ሳሎን ቡፌው ላይ አስቀምጠው መጀመሪያ ዳንቴል አለበሷት። ጋለች። ዳንቴሉን ከላይዋ አንስተው ከሥሯ አነጠፉላት። ስሟንም «መዝገብ ቤቱ» አሉት። ከዚያ ወዲያ ደረጃችን ላይ ስልኩ የሞላበት ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ደምሴ ነው፤ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ልደት፣ ሁሉም እዚያ ገባ። ብቻ ማንንም ከስልኩ ላይ እንዲያጠፋ አይፈቅዱም። «ኮፒ የሚባለው ዋናው ሲኖር ነው» ይላሉ። ሰው ደግሞ ቦታ ሊያስለቅቅ ነው እንጂ የመጣው ይህን ሊሰማ አይደለም፤ እያጉረመረመ ይሄዳል።

ለራሳቸው ግን ዋናው የጠፋ አንድ ነገር ነበራቸው፣ የእናታቸው ድምፅ። ቤተሰባቸው ገበሬ ነበር። ዛሬ ብሎኮቹ የቆሙበት፣ ጋራዦቹ ያሉበት፣ ሚኒባሱ የሚዞርበት ሁሉ ማሳ ነበር ይላሉ። እናታቸው እማማ ጫልቱ አርጅተው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሳለ በካሴት ቀድተዋቸው ኖሯል። ከእንጦጦ ሥር ጀምሮ እስከ ወንዙ ድረስ ያለውን ቦታ በኦሮምኛ አንድ በአንድ በስሙ ይጠራሉ፤ ማሳውን፣ ምንጩን፣ መሻገሪያውን፣ ዛፉን። ከሳቸው በኋላ በነዚያ ስሞች የሚጠራ ሰው አልነበረም። ጋሽ ደምሴ ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተር ሲገለብጡ ቴፑ በላባቸው። ደግነቱ የበላው ተገልብጦ ካለቀ በኋላ ነው። ያ ኮምፒዩተርም አርጅቶ ሲጣል ድምፁ ወደ ሳጥኗ ገባ።

ሳጥኗን ከገዙ ትንሽ ቆይቶ አንድ ቀን ከሰዓት በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ሰብለ፣ አደራ ላስቀምጥሽ ነው የመጣሁት።»

«ምንድን ነው?»

«ዲስክ ነው። ከእናቴ ድምፅ በቀር ምንም የለበትም። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ዲስኮች አንድ ቤት ነው ያሉት። ቤቱን የሚያገኘው ሁለቱንም ያገኛቸዋል። ሦስተኛው ከኔ ቤት መውጣት አለበት።»

«ታዲያ አዳማ ለለሊሴ አይሰጧትም? እሳት ቢነሳ እኮ የኔም ቤት ከርስዎ ጋር ነው የሚነደው።»

አሰቡበት። ልክ እንደሆንኩ ያውቃሉ። «ለሊሴ ወራሽ ናት» አሉ። «ወራሽ አደራ አይይዝም፤ የኔ ነው ብሎ ይነካካዋል። አንቺ አትነኪውም።»

«እየቆየሁ አዲስ ነገር ልጨምርበት አይሉም?»

«እናቴ ከእንግዲህ የምትጨምረው የላትም» አሉ።

ተቀበልኳቸውና ቁምሳጥኑ ውስጥ፣ ከባሌ ኮት ሥር አስቀመጥኩት። እውነትም አልነካሁትም። አደራ ምን እንደሆነ እናቴ አስተምራኛለች፤ የሰው ቋጠሮ አይፈታም፣ አይመዘንም፣ ምን አለበት ተብሎ አይነቀነቅም። እሳቸውም ከዚያን ቀን ጀምሮ «ደህና ነው ወይ?» ብለው አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። መጠየቅ ነውር ነው። ጠየቁ ማለት ተጠራጠሩ ማለት ነው።

የራሳቸውን ግን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይፈትሹ ነበር። አፈታተሻቸው እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ነው። «ያልሰማሁትን አለኝ አልልም» ይላሉ። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ይለቁታል። ግድግዳችን ደግሞ ስሙ ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም። እኔ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ሳልወድ አዳምጣለሁ። የደረቀ የአሮጊት ድምፅ፣ ከሩቅ የሚጮህ ዶሮ፣ አጠገባቸው የተቀመጠች አንዲት ሕፃን። ሕፃኗ «አኮ፣ ኩን ሆ?» ትላለች፣ አሮጊቷ አንድ ስም ይጠራሉ። «ኩን ሆ?» ሌላ ስም። መካከል ላይ አሮጊቷ ያስላሉ። መጨረሻው አካባቢ ሕፃኗ ሳትጠብቅ ስትደጋግምባቸው «ጨል ጄዲ» ይሏታል፣ ዝም በይ ማለታቸው ይመስለኛል፤ ሕፃኗም ትስቃለች። ኦሮምኛ አልችልም። ሰው የሰፈሩን ዘበኛ ፉጨት እንደሚለምደው ለመድኩት። ልብስ ሳጥፍ ከንፈሬ አብሮ ሲንቀሳቀስ የያዝኩበት ጊዜ አለ።

አንድ ጊዜ የብሎኩ ሰው ተሰባስቦ እንጦጦ ፓርክ ወጣን። ወጣቶቹ ፎቶ ሲነሱ እኔና ጋሽ ደምሴ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠን ቁልቁል ከተማውን እናያለን። በዣንጥላቸው ጫፍ ወደ የካ አመለከቱኝ።

«ያ ጣራው ቀይ የሆነው ጋራዥ ይታይሻል? ከጀርባው መልካ ፈርዳ ነው። ፈረስ የምናሻግርበት።»

«ቡርቃ አዲ የቱ ጋ ነው?» አልኳቸው፣ ከቀረጻው ላይ የማውቀውን።

ዘወር ብለው አዩኝ፣ ገረማቸው። «እሱ ትምህርት ቤቱ ሥር ነው። ምንጭ ነበር። አንቺ ደግሞ ከየት ሰማሽው?»

«እሁድ እሁድ እያስተማሩኝ አይደል እንዴ፣ በግድግዳ።»

ሳቅ አሉ። ያዝኑ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሰው ሲጠይቀኝ የማልወደውን ጥያቄ እኔም ጠየቅሁ።

«መሬቱ እዚያው ነው» አሉ። «ስሙ ደግሞ እኔ ቤት ነው።»

ከዚያ ያለፈው ክረምት መጣ። መብራት ሄድ መለስ ሲል ሰነበተ። ሳጥኗን ከዚህ የሚጠብቃት ዩፒኤስ ነበራቸው፤ ባትሪው ደክሞ ለጥገና ሰጥተውታል። እሱ እስኪመለስ ሳጥኗን አጥፍተው ሊያቆዩዋት ይችሉ ነበር፤ ግን የሁለተኛ ፎቋ አራስ የክርስትናውን ፎቶ ዛሬ ካላስቀመጥኩ ብላ ነበር፣ እምቢ ማለት አያውቁበትም። መብራቱ በኃይል መጣ። የኔ አምፖል ፈነዳ። ከግድግዳው ማዶ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ።

ሮጬ ስገባ ቡፌው ፊት ቆመዋል። ሳጥኗ ላይ ምንም መብራት አይታይም። ዳንቴሉ ጠርዙ ጠቁሯል። ሁለቱን ዲስኮች መዘው አውጥተዋቸዋል፤ ሁለቱም ተቃጥለዋል። የሰው ፎቶ ሁሉ በየስልኩ ላይ አለ፣ ለዚህ ነው ሲጨቃጨቁ የኖሩት። የባሌም ፍላሹ ላይ አለ። የጠፋው የሳቸው ብቻ ነው።

«ምንም አይደለም» አሉ። «አደራዬን እወስዳለሁ።»

ከቁምሳጥኑ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ነጠላውን ገልበጥ አድርገው አዩና «ቋጠሮው የራሴ ነው» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። ሲግናል፣ ከምሠራበት ፋርማሲ አጠገብ ኮምፒዩተር የሚጠግን ልጅ አለ፤ አብረን ሄድን። ዲስኩን ሰካው። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን፣ ከዚያ ዝም አለ። ነቀለና እንደገና ሰካው። ቀጭ ቀጭ፣ ዝም።

«ስንት ጊዜ ሆነው ከተሰካ?» አለ ጠጋኙ።

«ካስቀመጥኩት ጀምሮ አልተሰካም» አልኩት። «አደራ ነው።»

«ገባኝ፣ ግን ዲስክ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ውስጡ ይጣበቃል። አልፎ አልፎ እንኳ ከፍታችሁ ብታዩት ኖሮ ቶሎ ታውቁ ነበር።» ወደኔ ዞሮ፣ «ላፕቶፕ የለሽም እንዴ?»

ጋሽ ደምሴ ናቸው የመለሱለት። «እሷ ብትከፍተው አደራ በላች ይባላል። እኔ አምጪው እስቲ ልየው ብላት አላመንኳትም ማለት ነው። ማን ይክፈተው ልጄ?»

ልጁ ወደ ዲስኩ ተመለሰ። የቻለውን ሞከረ፣ ለሚያውቀው ሰው ደወለ፣ ሌላ ገመድ ቀየረ። በመጨረሻ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ጋሽ ደምሴን እያየሁ ነበር። «እስቲ ይፈለግ» እንዲሉ እየጠበቅሁ ነበር።

«የለም» አሉ።

ከዚህ በፊትም ከዚህ በኋላም ይህን ቃል በዚያ ዓይነት ድምፅ ሲሉት አልሰማሁም። ወደ ወሰን ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ዲስኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ነጠላውን እንደነበረው ጠቀለሉት። ደረጃው ላይ ስንደርስ አቀበሉኝ።

«መልሰሽ አስቀምጪው።»

«ምን ሊያደርግ ጋሽ ደምሴ?»

«ጠብቂልኝ አልኩሽ፣ ጠበቅሽልኝ። አንቺ አደራሽን ተወጥተሻል። ለሊሴ ግን እንዳትሰማ። ከአያቷ የቀራት ይሄ ብቻ ነው። አለ ብላ ትኑር።»

እሺ አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል? ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ግድግዳው ዝም አለ። እሳቸውም ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ በቃ። ሳል ጀመራቸው። መድኃኒት አመጣላቸው ነበር፣ ያመሰግኑኛል፣ ጠርሙሱን ቡፌው ላይ ሳጥኗ በነበረችበት ቦታ ያስቀምጡታል። ጥቅምት ሲገባ ሆስፒታል ገቡ፤ ከዚያ አልወጡም።

ለሊሴ ሰልስቱ ባለፈ ማግስት መጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ፊቷ አብጧል። የአባቷ ቁመት ነው ያላት። ሶፋው ላይ ተቀምጣ ስለ ኪራይ ቤቱ፣ ስለ ዕቃው ትንሽ አወራን። ከዚያ፦

«እትዬ ሰብለ፣ የአኮ፣ የአያቴ ድምፅ እርስዎ ጋ ነው አይደል?» አለች። «ሳጥኑ መቃጠሉን ነግሮኛል። አባባ ግን ሁልጊዜ፣ ከሳጥኑ ይልቅ ሰብለ ጋ ያለውን ነው የማምነው ይል ነበር።»

ተነስቼ ከቁምሳጥኑ አመጣሁላት። ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቋጠሮውን በጣቷ ዳሰሰችው። አልፈታችውም።

«አሁን አልከፍተውም» አለችኝ። «አቅም የለኝም። መኖሩን ካወቅሁ ይበቃኛል።»

የኔን ቃል ነው የምትናገረው። ዝም ብል ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ጋሽ ደምሴም የፈለጉት ይህን ነው። ዲስኩን አዳማ ወስዳ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ አለ ብላ ትኖራለች። ግን እኔ ያላየሁት ነገር በእውነት አለ፤ የፈለግሁ ቀን ፍላሹን ብሰካ የባሌ ፊት አለ። እሷ የምትሸከመው ባዶ ብረት ነው። አንድ ቀን አቅም ሲኖራት ትሰካውና ቀጭ ቀጭ ይላታል፣ ያኔ አጠገቧ ማንም አይኖርም። ይህን ሳስብ ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተሰማኝ። ምን እንደሆነ ስም አልሰጠውም። ብቻ አመመኝ።

«ለሊሴ፣ ዲስኩ ሞቷል» አልኳት። «አባትሽ ያውቁ ነበር። እንዳትሰሚ ብለውኝ ነው። ክረምት ላይ አብረን አስሞከርነው፣ አልተነሳም።»

ነጠላውን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ውጪ የሆነ መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ጡሩምባው ይጮሃል።

«የለም በሉኛ» አለች በመጨረሻ።

«እስቲ ይፈለግ» አልኳት።

ከአፌ አመለጠኝ፤ ምን እንደምፈልግም አላወቅሁም። ቀና ብላ አየችኝ። አፍሬ ስነሳ እግሬ ወደ መኝታ ቤት ወሰደኝ። እሷም ተከተለችኝ። ሁልጊዜ እንደማደርገው አልጋዬ ጫፍ ላይ፣ ግድግዳው አጠገብ ተቀመጥኩ። ማዶ ያለው ቤት ባዶ ነው።

«ቱሉ ገርቡ» አልኩ።

ለሊሴ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ቡርቃ አዲ» አልኩ። «እዚህ ጋ ዶሮ ይጮሃል። ጫፌ ሎኒ። ዳጋ ጉራቻ።» ከዚያ ሳልኩ። ሳል ይዞኝ አይደለም፤ እማማ ጫልቱ እዚህ ጋ ነው የሚያስሉት። ቆምኩ። በመካከሉ የሕፃኗ ጥያቄ አለበት፤ እሱ ሲቀር ቀጣዩ ይጠፋብኛል። «ቆይ፣ አንዲት ልጅ ነበረች፣ ኩን ሆ፣ ኩን ሆ እያለች የምታደርቃቸው…»

«እኔ ነኝ» አለች ለሊሴ። «እኔ ነኝ እኮ። ይሄስ? ማለት ነው።»

አልጋው ላይ ተቀመጠች። ስልኳን አወጣች፣ መቅጃውን ከፈተች፣ በመካከላችን አስቀመጠችው። የዚያች ሕፃን ድምፅ ሳይሆን የትልቅ ሴት፣ አልቅሳ የደከማት ሴት ድምፅ ነው የወጣት።

«ኩን ሆ?»

«መልካ ፈርዳ።»

«ኩን ሆ?»

«ሙካ ወዴሳ።»

እንዲህ እያልን እስከ ወንዙ ወረድን። አንዳንዱን ስም አስተካከለችልኝ፣ ምላሴ እምቢ ያለውን ተወችው። ሁለት ቦታ ላይ ተደናቅፌ ዝም ስል ሳትጠብቅ «ኩን ሆ፣ ኩን ሆ» አለችኝ፤ እኔም «ጨል ጄዲ» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደ፣ እኔም አላባበልኳትም፣ ትከሻዋን ይዤ ተቀመጥኩ።

ወደ አዳማ ስትመለስ ቀረጻውን ላከችልኝ። ፍላሹ ላይ፣ ከባሌ ፎቶዎች ጎን ገለበጥኩት። የባሌን ገና አልከፈትኩም። ነጠላውን ከነዲስኩ ወሰደችው፤ አሁን የኔ ነው አለች፣ ልክ ናት።

በጋሽ ደምሴ ቤት አዲስ ተከራዮች ገብተዋል፣ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ አለቻቸው። እኔ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ፍላሹን እሰካና እስከ መጨረሻው አዳምጣለሁ። ባለፈው የልጅቷ እናት ደረጃ ላይ አስቁማኝ፣ ቅር እንዳይለኝ እየተጠነቀቀች፣ «እትዬ ሰብለ፣ እሁድ እሁድ ከርስዎ ቤት የሚሰማው ነገር ምንድን ነው? ልጅቷ ኩን ሆ፣ ኩን ሆ ማለት ለምዳለች» አለችኝ።

ፍተሻ ነው አልኳት። ድምፁን ልቀንሰው አላልኳትም።